አሥራ አንደኛው ገጽ

ረጅሙ የሚሉት የማሽን ሠራተኛ የሥልጠና ክፍሉን በር በትከሻው በርግዶ ገባና ከኋላው ጠረቀመው። ቲቸር ገና ከወንበሯ ሳትነሳ የግራ ጆሮው ተቀዶ መንጠልጠሉን አየች። ደሙ በአንገቱ ወርዶ የቱታውን ኮሌታ አርሶታል። የፋይል ካቢኔቱን አቅፎ እየጎተተ በሩ ላይ ሲያስጠጋው፣ ካቢኔቱ ላይ የተደረደሩት የሥልጠና ምስክር ወረቀቶች ወለሉ ላይ ተበተኑ። እየረገጣቸው አለፈ።

"ሊገድሉኝ ነው" አለ። "ቲቸር፣ በእናትሽ፣ ሊገድሉኝ ነው!"

"እነማን? ምን አድርገህ?"

መልሱ ከውጭ መጣ። በሩ በብረት ተመታና ከላይኛው ማጠፊያ ላይ ቀለሙ ተፈረፈረ።

"ክፈት! የወንድሜን እጅ በልተህ የት ልትገባ ነው!"

ድምፁ የበያጁ ነበር። በያጁ በፋብሪካው ውስጥ በቀን አሥር ቃል አይናገርም እየተባለ የሚታማ ሰው ነው። ዛሬ የዓመቱን አንድ ላይ እያወጣው ነበር።

ረጅሙ ካቢኔቱን በጀርባው ደግፎ ቁና ቁና እየተነፈሰ ነገራት። እሱና የበያጁ ታናሽ ወንድም፣ ሳቂታው የሚሉት፣ አራተኛው ፕሬስ ማሽን ላይ አብረው ነው የሚሠሩት። ሳቂታው ላሜራውን ያስገባል፤ ረጅሙ ከማሽኑ ሌላ ወገን ቆሞ ፔዳሉን ይረግጣል፤ ማሽኑ ላሜራውን ጨፍልቆ የባልዲ ቂጥ አድርጎ ያወጣዋል። ከአንድ ሰዓት በፊት አንድ ላሜራ ተጣሞ ተቀረቀረ። ሳቂታው ሊያላቅቀው ጎንበስ ብሎ እጁን አስገባ።

"ከእኔ በኩል አይታይም" አለ ረጅሙ። "ማሽኑ ይጋርድሃል። እስካሁን አላቅቆ ጨርሷል ብዬ ረገጥኩት።"

"ከዚያስ?"

የግራ እጁን አንስቶ የቀኝ እጁን አንጓ ያዘ። "እስከዚህ። እንደ ላሜራው ነው ያደረገው፣ ቲቸር። ጓንቱና ሥጋው አልተለየም። ሳቂታውኮ አልጮኸም፤ እኔን ነው ያየኝ።"



ነገሩን ያከፋው ሁለቱ ከትናንት ወዲያ መጣላታቸው ነበር። ሳቂታው የምሳ ዕቃ ክዳን ደብቆ ሲቀልድ፣ ረጅሙ ቀልድ የማያምረው ቀን ላይ ሆኖ፣ በሰው ፊት "አንድ ቀን እጅህን እሰብርልሃለሁ!" ብሎት ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ያቺን ቃል ዛሬ መላው ፈረቃ ያስታውሳታል።

"ሆን ብሎ ነው አሉ" አለ ረጅሙ። "የደህንነት ኃላፊው ራሱ መጥቶ፣ 'ይሄ ሰው ሠልጥኗል፣ መቶ ከመቶ አምጥቷል፣ ቁልፉ መነቀል እንዳለበት ያውቃል' ሲላቸው ነው እንደ ንብ የተነሱብኝ። ለመሆኑ የምን ቁልፍ ነው?"

"የምን ቁልፍ ማለት ምን ማለት ነው?"

"ያስተማርሽኝ አንቺ አይደለሽ? ንገሪኛ! የምን ቁልፍ?"

ያን ያህል ፈርታ እንኳ ተናደደች። ሙያዋን ነው የነካባት።

"ከፔዳሉ በላይ ያለው ቢጫው ቁልፍ ነዋ!"

"ያ ጃኬት የምንሰቅልበት?"

ቲቸር ጠመኔ ከጣለች ስድስት ዓመት አልፏታል። ከትምህርት ቤት ለቃ ወደ ባልዲ ፋብሪካው ሥልጠና ክፍል ስትመጣ ስሙ አብሯት መጣና ተለጥፎባት ቀረ። አሁን የምታስተምረው ፊት ለፊት ቆማ አይደለም። ሠራተኛው በስክሪን ላይ እየነካካ ብቻውን የሚማረውን ኮርስ ትሠራለች። በተለይ የምትመካው በቱልቲፖቿ ነው። ቱልቲፕ ማለት የማውሱን ቀስት አንድ ሥዕል ላይ ሲያሳርፉት ብቅ የምትል፣ ቀስቱን ሲያነሱት ድራሿ የሚጠፋ ትንሽ ሳጥን ናት። በሳጥኗ ውስጥ ከሁለት ዓረፍተ ነገር በላይ አይገባም፤ ቲቸር ደግሞ አሳጥሮ በመጻፍ የሚወዳደራት የለም። በፕሬስ ማሽን ኮርስ ላይ ብቻ ስልሳ ሦስት ሳጥን ሠርታለች። ነጋ ጠባ ስለ እነሱ ስታወራ የሰለቸው ባሏ "አንድ ቀን እኔንም ግንባሬ ላይ ሳጥን ትለጥፊብኛለሽ" ይላት ነበር።

ኮርሱን ከፈተችና አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ደረሰች። የማሽኑ ሥዕል ወጣ። ቀስቱን ቢጫው ቁልፍ ላይ አሳረፈች። ሳጥኗ ብቅ አለች።

"አንብብ!"

ረጅሙ ካቢኔቱን ሳይለቅ አንገቱን አሰገገ። *እጅ ከመግባቱ በፊት ቢጫው ቁልፍ ይነቀል፤ እጁን የሚያስገባው ሰው ቁልፉን ኪሱ ይክተት። ቁልፍ የሌለው ፔዳል ቢረገጥም አይሠራም።*

ሁለት ጊዜ አነበበው። ከጆሮው የሚንጠባጠበው ደም ትከሻው ላይ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማል።

"ይሄ የእኛ ኮርስ ላይ አልነበረም" አለ።

"ነበረ። ስድስት ወር ሙሉ እዚህ ነበረ።"

"አይቼው ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው! ይሄን ባውቅ እረግጣለሁ? ልጆች የሉኝም እኔ?"

አላመነችውም። አሥር ዓመት ያስተማረ ሰው "አላስተማርሽንም" የማይል ተማሪ አይቶ አያውቅም።

በሩ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመታ ስልኳ ጮኸ። ጋሼ ነበር። የፋብሪካው የደህንነት ክፍል ኃላፊ ታላቅ ወንድሟ ነው። እዚህ ሥራ ያስገባት እሱ ነው፤ ከዚያም በፊት አባታቸው ሲሞት ትምህርቱን አቋርጦ፣ ጆንያ እየተሸከመ ያስተማራት እሱ ነው። እቤታቸው ጋሼ አለ ከተባለ አለቀ።

"ነካሽ?" አላት።

"አልነካኝም። ጋሼ፣ ሰውየው ደም እየፈሰሰው ነው፤ ሐኪም..."

"በሩን ክፈቺው። እኔ ፊት ለፊት ቆሜያለሁ። ማንም ጫፉን አይነካውም፤ ፖሊስ ተጠርቷል።"

"ቃልህን ስጠኝ።"

"ከመቼ ወዲህ ነው የእኔ ቃል የሚለመነው? ክፈቺ አልኩሽ!"

ረጅሙ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። "እንዳትከፍቺ፣ ቲቸር።"

"ወንድሜ ነው። ያለውን ያደርጋል። ካልከፈትን ሰብረው ነው የሚገቡት።"

ረጅሙ ትንሽ አያት። ከዚያ ካቢኔቱን ራሱ ገፋው። ቲቸር ይህን ዕድሜዋን ሙሉ አትረሳውም፤ ራሱ ነው የገፋው፣ እሷን አምኖ።

በሩ ሲከፈት ጋሼ እንዳለው ፊት ለፊት ቆሞ ነበር። ወደ ውስጥ አየት አደረገና ገለል አለ። አንዲት እርምጃ ብቻ ናት ገለል ያለው፤ እሷ ግን በቃች።

በያጁ በሩን ሲመታበት የነበረውን የፌሮ ብረት ይዞ ገባ፤ ሦስት ሰዎች ተከተሉት። የመጀመሪያው ምት የረጅሙን ጉልበት አገኘው። ሲወድቅ አገጩ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ተላተመና ጥርሱ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ሦስቱ ሰዎች በጫማ ተረባረቡበት፤ አፍንጫው ብረት በሆነው፣ የሠራተኛው ጣት እንዳይጎዳ ብሎ ጋሼ ራሱ ባከፋፈላቸው ሴፍቲ ጫማ። አንድ ኮምፒውተር ከነገመዱ ወርዶ ጀርባው ላይ ተሰበረ። ረጅሙ እንደ ሕፃን እጥፍጥፍ ብሎ በሁለት ክንዱ ጭንቅላቱን ከለለ። ጎድኑ ሲመታ ከአፉ አየርና ደም አብሮ ወጣ።

"ጋሼ!" ቲቸር ጮኸች። "ቃል ገብተሃል! ጋሼ፣ ሊሞት ነው!"

አንዱን ከኋላ ቱታውን ይዛ ጎተተችው። በክርኑ ደረቷን መታትና ከግድግዳው ጋር አጋጫት።

ጋሼ "በቃ!" እስኪል ድረስ እስከ ሃያ መቁጠር ይቻል ነበር። ሲል ግን አቆሙ።

"ነፍስ ከማጥፋታችሁ በፊት እውነቱን እዩት" አለ። "ኮርሱን ትልቁ ስክሪን ላይ አውጪው።"

"ሐኪም ጥራ..."

"አውጪው!"

አወጣችው። ግድግዳው ላይ አራተኛው ፕሬስ አንድ ሰው ያህል ሆኖ ታየ። ቀስቱን ቢጫው ቁልፍ ላይ ስታሳርፍ ሳጥኗ ብቅ አለች። በያጁ ፌሮውን እንደ ያዘ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ፊደል በፊደል አነበበው። "ኪሱ ይክተት" የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰበረ።

"አያችሁ" አለ ጋሼ። "ፋብሪካው አስተምሯል። ያደረገው ሰው እያወቀ ነው ያደረገው።"

ቲቸር ቀስቱን ከቁልፉ ላይ አላነሳችም። ሳጥኗን የጻፈችው እሷ ናት፤ ሳጥኗም ያለችው እውነት ነው።

በያጁ ጎንበስ ብሎ የረጅሙን ቀኝ እጅ ያዘና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። አንዱ ክርኑን ተጫነለት።

"ዓይን ላጠፋ ዓይን ነው የሚባለው" አለ በያጁ። አሁን አልጮኸም፤ ወደ ዝግታው ተመልሷል። "ለእጅም እጅ ነው።"

አንዴ መታው። ደረቅ ጭራሮ እንደሚሰበረው ነበር ድምፁ። ረጅሙ ለመጮህ አቅም አልነበረውም፤ ዓይኑን አፍጥጦ ቲቸርን ብቻ አያት። ፌሮው ሁለተኛ ሲነሳ ጋሼ የበያጁን ክንድ ያዘና "ስቶር አስገቡት። ፖሊስ እስኪመጣ ይቆለፍበት" አለ። በእግሩ ጎተቱት። ኮሪደሩ ላይ እስከ ስቶሩ ድረስ ሰፊ የደም መስመር ቀረ።

ክፍሉ ውስጥ ብቻዋን ስትቀር ቲቸር ወረቀቶቹን ትለቅም ጀመር። ለምን እንደምትለቅም አታውቅም። ከአንዱ ምስክር ወረቀት ላይ ጥርሱን አገኘችው። በሁለት ጣት አንስታ፣ ማስቀመጫ አጥታ፣ መልሳ ወለሉ ላይ አኖረችውና ጠረጴዛው ሥር ተቀምጣ አለቀሰች።

ታብሌቱን ያየችው እዚያ ሆና ነው። ከጠረጴዛ ሲወድቅ ጥጉ ተሰንጥቋል እንጂ ይሠራል። የማሽን ሠራተኞቹ ታብሌት ነበር። እጃቸው ግራሶ ስለሆነ ሥልጠና ክፍሉን ያቆሽሻሉ ብሎ ጋሼ እንዳይገቡ ከልክሏቸው፣ ሁለት ታብሌት ተገዝቶ፣ አርባ አንዱም ሠራተኛ በምሳ ሰዓት እየተቀባበሉ ነው ኮርሱን የወሰዱት። ኮምፒውተሮቹ የቢሮ ሰዎች ናቸው።

ዓይኔን ግንባር ያድርገው ያለው መሐላ ከጆሮዋ አልወጣላትም። አሥራ አንደኛውን ገጽ ከፈተች። ጣቷን ቢጫው ቁልፍ ላይ አደረገች።

ምንም።

ደግማ ነካችው። ጫን አለችው። ሥዕሉ ትንሽ ተነቃነቀ እንጂ ሳጥን የሚባል ነገር አልወጣም።

ወዲያው ገባት፤ ለመግባትም ጊዜ አልፈጀም፤ የምታውቀው ነገር ነው። ማውስ ሳይጫን ሥዕል ላይ ማረፍ ይችላል። ጣት አይችልም። ጣት ወይ ይነካል ወይ የለም። ስለዚህ ለማውስ የተሠራ ቱልቲፕ በጣት አይወጣም፤ ለጣት ሌላ መላ ይበጅለታል። ይህን በዚህ ሙያ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ይማረዋል። ቲቸር ግን ኮርሱን ስትሠራ ፋብሪካው ውስጥ ታብሌት የሚባል ነገር አልነበረም። በኋላ ሲገዛ ኮርሱን ጫነችበት፣ ሦስት ገጽ ገለጠች፣ ሥዕሉ ማማሩን አየች፣ "ይሠራል" ብላ ፈረመች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የፈሰሰው ደም ሲሆን ግን የሚለቅመው የለም።

ፈተናውስ? ፈተናው ስለ ቁልፉ አይጠይቅም። ደግሞም የጥያቄው ሁሉ መልስ "ሁሉም ትክክል ናቸው" መሆኑን ሠራተኛው ከተረዳ ቆይቷል፤ መቶ ያላመጣ ሰው የለም።

ታብሌቱ እያንዳንዷን ንክኪ ይመዘግባል። መዝገቡን ከፈተች። ሳቂታው አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ቁልፉን ሦስት ጊዜ ነክቷል። ረጅሙ ስድስት ደቂቃ ቆይቶ ሰባት ጊዜ ነክቷል። ሰባት ጊዜ። ይሄ ነገር ምንድን ነው ብሎ ሰባት ጊዜ ጠይቋት ሰባት ጊዜ ዝም ብላዋለች። እጁን ስትሰብር የነበረችው እሷ መሆኗ ተሰማት፤ የሁለቱንም እጅ።

ጋሼ ላቡን እየጠረገ ገባ።

"መንገድ ተዘጋግቶ ነው እንጂ ፖሊሶቹ ሃያ ደቂቃ ውስጥ ይደርሳሉ። የረጅሙን የፈተና ውጤት አትሚልኝ። ኮርሱንም ሳይቀዱት አይቀርም።"

"ጋሼ፣ ይሄን ንካው።"

"አሁን የጨዋታ ሰዓት ነው?"

"ቁልፉን ንካው።"

ነካው። ጠበቀ። ደግሞ ነካው። ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሏል። ብልህ ሰው ነው፤ ሁለት ጊዜ መንገር አላስፈለገም።

"ማን ያውቃል?"

"እኔና አንተ።"

በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋው። "ድሮ ገጹ ራሱ ላይ ነበር የጻፍሽው፤ አይደል? በቀይ።"

"በቀይ። በትልቁ። 'ገጹን ሥጋ ቤት አስመሰልሽው፣ እንግዳ ሲመጣ ንጹሕ ይሁን፣ ሳጥን ውስጥ ክተቺው' አልከኝ።"

"ብዬሻለሁ" አለ። አልካደም። "አሁን መልሺው። አሁኑኑ። ከታተመ ታብሌቶቹ ላይ ይደርሳል?"

"ዋይፋይ ካለ በደቂቃ አሮጌውን አጥፍቶ ይገባል።"

"በይ።"

ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ታብሌቱ ጭኗ ላይ ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ በይ ሲላት የምታደርገውን አደረገች፤ ጽሑፉን ከሳጥኗ አውጥታ፣ በትልቁ፣ በቀይ፣ ሥዕሉ ግንባር ላይ አስቀመጠችው። አራት ደቂቃ ፈጀ። ሥራው ይኸው ነበር፤ አራት ደቂቃ።

"አትም" የምትለዋ ቁልፍ ጋ ስትደርስ ግን እጇ ቆመ።

"ይሄን ካተምኩ ረጅሙ ወንጀለኛ ሆኖ ይቀራል።"

"ረጅሙ ያለቀለት ሰው ነው። አንቺ ግን ልጅ አለሽ። እኔ አራት አሉኝ።"

"ሰባት ጊዜ ነክቶታል፣ ጋሼ!"

"አትሚው!"

"አላትምም።"

በጥፊ መታት። በሕይወቷ እጁን አንስቶባት አያውቅም። ከነወንበሯ ዘመም ብላ ጠረጴዛውን ይዛ ተረፈች፤ ከንፈሯ ተሰንጥቆ ደም ደም አላት። እሱም ደነገጠ፤ መዳፉን ገልብጦ አየው። ከዚያ ድንጋጤውን ዋጥ አደረገና ፀጉሯን ከማጅራቷ ላይ ጨምድዶ ስክሪኑ ላይ አስጠጋት።

"ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ! በዚህ ትከሻዬ ነው ያስተማርኩሽ! እኔን እስር ቤት ልትከቺኝ ነው? ለማታውቂው ሰው?"

በዚያ መሃል ከኮሪደሩ መጨረሻ ብረት ብረትን ሲመታ ተሰማ። አንዴ፣ ሁለቴ። የስቶሩን ጋን ቁልፍ እየሰበሩ ነው።

"ሊገድሉት ነው" አለች።

"ከገደሉት የሚጠየቁት እነሱ ናቸው።"

ይህን ያለው ረጋ ብሎ ነው፤ ቲቸርን ከጥፊው ይልቅ ያመማት ይህ ነበር። ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም፤ ፀጉሯን እንደ ያዘ ነው። ጠረጴዛው ሥር፣ ጭኗ ላይ፣ አውራ ጣቷ የታብሌቱን ዋይፋይ ፈልጎ አጠፋው።

ጋሼ ማውሱን ራሱ ያዘና "አትም" የምትለዋን ተጫናት። ስክሪኑ ላይ "ታትሟል" የሚል ወጣ። ትንፋሹን ለቀቀ፤ ፀጉሯንም ለቀቀ።

"ይኸው" አለ። "አለቀ። ፊትሽን ታጠቢ።"

ቲቸር ታብሌቱን ደረቷ ላይ አቅፋ ተነሳች። አሮጌው ገጽ አሁን ያለው እሱ ላይ ብቻ ነበር።

"ወዴት ነው?"

"ስቶር።"

"ነይ ወዲህ! ስሚ አንቺ ልጅ!"

ኮሪደሩ ላይ ሮጠች። ደሙ ላይ እግሯ ተንሸራቶ በጉልበቷ ወደቀች፤ ታብሌቱን ግን አልለቀቀችም። የስቶሩ ጥበቃ እግሬ አውጪኝ ብሏል። በያጁ ፌሮውን በጋን ቁልፉ ቀለበት ውስጥ አስገብቶ እየጠመዘዘ ነው፤ ሦስቱ ከኋላው ቆመዋል። በክንዱ ሥር ሾልካ ገባችና በሩና እሱ መሃል ቆመች።

"ዞር በይ፣ ቲቸር።"

"መጀመሪያ ይሄን ንካ።"

"ሳቂታውን እስከ ክርኑ ሊቆርጡት ነው ብለው አሁን ደውለዋል። ዞር በይ ነው የምልሽ!"

"በስክሪኑ ላይ ያነበብከውን ነገር እዚህ ላይ አምጣልኝና ዞር እላለሁ። ይኸው ቁልፉ። ንካው።"

በብየዳ የጠቆረ አውራ ጣቱን አምጥቶ ነካው። ጠበቀ። ሌላም ጊዜ ነካው፣ አሁን በኃይል።

"የታለ?"

"የለም። እናንተ ጋ ኖሮም አያውቅም። የሠራሁት እኔ ነኝ፤ በማውስ ብቻ ነው የሚወጣው። በጣት አይወጣም። ወንድምህ ሦስት ጊዜ ነክቶታል፤ ይኸው መዝገቡ። ረጅሙ ሰባት ጊዜ ነክቶታል። አንዳቸውም አልተማሩትም። አላስተማርኳቸውም።"

ከሦስቱ አንዱ ተጠግቶ እሱም ነካው፤ ሌላውም ነካው። እነሱም ኮርሱን የወሰዱት በዚሁ ታብሌት ነበር።

"እኔስ ማንጠልጠያ መስሎኝ..." አለ አንዱ።

በያጁ ፌሮውን ከቀለበቱ ውስጥ መዞ አወጣው። ዓይኑ ደም ለብሷል።

"እና የወንድሜን እጅ የበላሽው አንቺ ነሽ?"

ቲቸር ጀርባዋን በሩ ላይ አስደገፈች።

"እኔ ነኝ" አለች።

"ብቻሽን? አንቺ ፋብሪካ አታዝዢም። ይሁን ያለሽ ሰው አለ። ማነው?"

ጋሼ ከኋላቸው ደርሶ ነበር። በሰዎቹ ትከሻ መሃል ፊቱ ታያት። በዚያች ሰዓት ጠላችው፤ በዚያችው ሰዓት ደግሞ ጆንያ ተሸክሞ ሲመጣ የሚላጠው ትከሻው ትዝ አላት፤ እናቷ ቅቤ ስታሸው ጥርሱን ነክሶ ዝም ይል ነበር። ስሙን ብትጠራ ፌሮው ወዴት እንደሚዞር ታውቃለች። እሱም ያውቃል።

"ማነው? ተናገሪ!"

"ፖሊስ ሲመጣ እነግረዋለሁ" አለች። ሁሉም ሰማት። "ስሙን፣ ቀኑን፣ ያለኝን ቃል፣ አሁን ያደረገውንም። አንድ ሳላስቀር። ለፌሮ ግን ማንንም አልሰጥም።"

ጋሼ ግድግዳውን ያዘ።

በያጁ ፌሮውን አነሳ። ቲቸር ዓይኗን ጨፈነች። ፌሮው ከጭንቅላቷ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ በሩ ላይ አረፈና ጩኸቱ ጥርሷ ድረስ ዘለቀ፤ የዝገት ብናኝ ፀጉሯ ላይ ፈሰሰ። ሁለተኛውን ጠበቀች። አልመጣም። ዓይኗን ስትገልጥ በያጁ ፌሮውን እንደ ጨበጠ ቆሞ፣ ትከሻው እየተንዘፈዘፈ፣ ድምፅ ሳያወጣ ያለቅስ ነበር። ተመልሶ አይመታም ለማለት ግን ማንም አይደፍርም።

ወደ ቢሮዋ የሚወስደው መንገድ ክፍት ነበር። አንዱ ሰው እንዲያውም ገለል ብሎላታል።

ቲቸር በበሩ ላይ ሸርተት ብላ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ጀርባዋን በብረቱ ላይ፣ እግሯን ወደ ሰዎቹ ዘርግታ፣ ታብሌቱን በሁለት ክንዷ ደረቷ ላይ ጠፍንጋ። ወደ ስቶሩ የሚገባ ሰው መጀመሪያ እሷን ከዚያ ማንሳት ነበረበት።

ከውስጥ ወለሉ ላይ የሚጎተት ነገር ተሰማ። ከዚያ ከጆሮዋ ኋላ፣ በበሩ ስንጥቅ፣ ጥርስ የጎደለው ድምፅ መጣ።

"ማነው?"

"ቲቸር ነኝ።"



"ቅድም ከፍተሽላቸዋል" አለ ረጅሙ።

"ከፍቻለሁ" አለች። "አሁን አልነሳም።"